ሳይታይ ያየ ሰው፦ የፎቶ ጋዜጠኛው የዶክተር ኤሪክ ሳሎሞን ሕይወት

እንደሚታወቀው በአገራችን ፎቶ መነሳት ማለት መዘጋጀት ማለት ነው። ፎቶ ቤት የሚሄድ ሰው ፀጉሩን አበጥሮ፣ ኮሌታውን አስተካክሎ፣ ፏፏቴ ወይም መናፈሻ ከተሳለበት መጋረጃ ፊት ይቆማል። ፎቶ አንሺው ቀና በል፣ ወደዚህ እይ፣ ፈገግ በል እያለ ያዘዋል። ሰውየው ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ይጠብቃል፤ ብልጭ ሲል ነገሩ ያበቃል። ታዲያ ስንቶቻችን ነን እንዲህ ዓይነቱን ፎቶ ተቀብለን ይሄ እኔ ነኝ እንዴ ያልነው? መልካችን አለ፣ እኛ ግን የለንም።

እንዲህ ያለው ፎቶ ለመታወቂያና ለማስታወሻ ጥሩ ነው። ለጋዜጠኛ ግን አይበቃም። ጋዜጠኛ የሚፈልገው ሰው ሲያስብ፣ ሲሰለቸው፣ ሲናደድ፣ ከጎኑ ካለው ጋር ሲንሾካሾክ የሚታየውን ፊት ነው። ተነሺው ሳይዘጋጅ ወይም ካሜራ መኖሩን ጭራሽ ረስቶ ሳለ የሚነሳው ፎቶ በሙያው አነጋገር ካንዲድ ይባላል። ዛሬ በየኪሳችን ካሜራ ያለው ስልክ ስለያዝን ነገሩ ቀላል ይመስላል። ሰውን ሳያውቅ ማንሳትና ሰውን በትክክል ማሳየት ግን ለየቅል ናቸው።

ይህንን ሥራ ወደ ሙያ ደረጃ ካደረሱት መካከል በግንባር ቀደምነት የሚጠቀሰው ጀርመናዊው ዶክተር ኤሪክ ሳሎሞን ነው። ካንዲድ ካሜራ የሚለው ስያሜ ራሱ በእንግሊዝ ፕሬስ የተወለደው ከእርሱ ፎቶዎች ጋር ተያይዞ እንደሆነ ይነገራል። በዚህ ጽሑፍ የሰውየውን ሕይወት ከልደቱ እስከ አሟሟቱ እንቃኛለን። በመንገዳችን ላይም እያንዳንዱን የጋዜጠኝነት ተማሪ የሚመለከት አንድ ጥያቄ እናነሳለን። ሰውን ሳያውቅ ማንሳት ተገቢ የሚሆነው መቼ ነው? (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሀብታም ቤት እስከ ምርኮ

ኤሪክ ሳሎሞን የተወለደው ሚያዝያ 28 ቀን 1886 በበርሊን ከተማ ነው። ቤተሰቡ ይሁዲ ሲሆን አባቱ የባንክ ባለሙያ ነበሩ። ቤቱ ምንም ያልጎደለበት፣ እንግዳ የማይጠፋበት ቤት ነበር። ልጁ እንዴት እንደሚለበስ፣ በትልልቅ ሰዎች መሀል እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ምን ተብሎ ሰላምታ እንደሚሰጥ እያየ አደገ። ይህ አስተዳደግ ኋላ ላይ ከካሜራው ያልተናነሰ መሣሪያ ሆኖታል።

በትምህርቱ በአንድ ነገር አልረጋም። መጀመሪያ ስለ እንስሳት የሚያጠናውን የሥነ ሕይወት ዘርፍ ጀመረ፣ ቀጥሎ ምህንድስና ሞከረ፣ በመጨረሻ ወደ ሕግ ዞሮ በ1913 በሕግ የዶክትሬት ዲግሪውን ያዘ። ዕድሜ ልኩን ዶክተር እየተባለ የሚጠራውም በዚህ ነው። ይሁን እንጂ በተማረው ሕግ ብዙም ሳይሠራ በ1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። ሳሎሞን ዘምቶ ገና በጦርነቱ መጀመሪያ ላይ በፈረንሳዮች እጅ ወደቀ። ጦርነቱ እስኪያበቃ ድረስ አራት ዓመት ያህል በምርኮ ቆየ። በምርኮ ሳለ በአስተርጓሚነት ያገለግል ስለነበር ፈረንሳይኛውን አሳመረ። ማን ያውቃል፣ ያ ክፉ ጊዜ ባይኖር ኖሮ ከፈረንሳይ ሚኒስትሮች ጋር እንደ ልቡ የሚያወራው ፎቶ አንሺ ላይገኝ ይችል ነበር።

ሞተር ሳይክል፣ ማስታወቂያ እና ካሜራ

ከምርኮ ሲመለስ የጠበቀችው ጀርመን የተሸነፈችና የተጎሳቆለች አገር ነበረች። የቤተሰቡ ሀብት አልቋል። የገንዘቡ ዋጋ በየቀኑ እየወረደ ጠዋት የተቀበሉት ደመወዝ ማታ ዳቦ የማይገዛበት ዘመን መጣ። የሕግ ዶክተሩ ሚስትና ልጆች ነበሩት፤ ስለዚህ ያገኘውን ሁሉ ሞከረ። በአክሲዮን ገበያ ሠራ። ከዚያም መኪናና ባለ ጎን መቀመጫ ሞተር ሳይክል የሚያከራይ ድርጅት ከፈተ። ደንበኛ ለመሳብ ያወጣው ማስታወቂያ ደግሞ የሚያስቅ ነው፤ ሾፌሩ የሕግ ዶክተር እንደሆነና በጉዞው ላይ ስለ ገንዘብ መውደቅ ለተሳፋሪው ምክር እንደሚሰጥ ይገልጻል!

ማስታወቂያው ተሳፋሪ ምን ያህል እንዳመጣ እንጃ፣ ለሳሎሞን ግን ሥራ አመጣለት። በበርሊን ታላቅ የነበረው የኡልሽታይን ማተሚያ ድርጅት ሰዎች አይተውት ኖሮ በ1925 በማስታወቂያ ክፍላቸው ቀጠሩት። ኡልሽታይን በርካታ ጋዜጦችና መጽሔቶች ነበሩት፤ ከነዚህ አንዱ ብዙ ፎቶ የሚይዘውና በሳምንት ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ የሚሸጠው በርሊነር ኢሉስትሪርተ ጻይቱንግ ነው።

ድርጅቱ በገጠር በገበሬዎች ቤት ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ ይለጥፍ ነበር። በዚህ የተነሳ ከባለቤቶቹ ጋር ክርክር ይነሳል። ሳሎሞን ደግሞ ሕግ ዐዋቂ ነውና ጉዳዩን ይከታተላል። ለክርክሩ ማስረጃ ያስፈልግ ስለነበር በ1927 ካሜራ ይዞ የግድግዳዎቹን ፎቶ ማንሳት ጀመረ። እንግዲህ ይህ ሁሉ ሲሆን ዕድሜው 41 ደርሷል። ሥራውን ዘግይቶ የጀመረ ሰው ሁሉ ከዚህ ሊጽናና ይችላል።

ባርኔጣው ላይ ያለው ቀዳዳ

በዚያ ዘመን በቤት ውስጥ ፎቶ ማንሳት ድግስ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ካሜራው ትልቅ ነው። ብርሃን የሚገኘው የማግኒዚየም ዱቄት በማቃጠል ስለሆነ ቦግ ይልና ክፍሉን ጭስ ይሞላዋል። እንዲህ እየተደረገ ማንም ሰው ሳያውቅ ሊነሳ አይችልም። ለዚህ ነው የዚያን ጊዜ ባለሥልጣኖች በየፎቶው ላይ ደረጃ ላይ ተደርድረው እንደ ሐውልት ቆመው የምናያቸው።

በ1924 ግን በድሬስደን ከተማ የሚገኘው የኤርነማን ፋብሪካ ኤርማኖክስ የተባለ ትንሽ ካሜራ ለገበያ አቀረበ። የካሜራው ትልቅ ነገር ሌንሱ ነው። በጣም ሰፊና ብርሃን በብዛት የሚያስገባ በመሆኑ በተራ የክፍል መብራት ያለ ፍላሽ ማንሳት ተቻለ። ችግሩም ቀላል አልነበረም። እንደ ፊልም የሚጠቀለል ነገር የለውም፤ 4.5 በ6 ሴንቲ ሜትር የሆነ ብርጭቆ አንድ በአንድ እየተቀየረ ይገባበታል። ሌንሱ ሰፊ ስለሆነ ርቀቱን በጥቂቱ የሳተ ሰው የሚያገኘው የደበዘዘ ፊት ነው። ብርሃኑ ሲያንስ ደግሞ መዝጊያው ረዘም ላለ ጊዜ መከፈት ስላለበት ካሜራውን በእግር ላይ ማቆም ያስፈልጋል፤ ተነሺውም ለዚያች ቅጽበት መንቀሳቀስ የለበትም። ስለዚህ ሳሎሞን ዝም ብሎ ደጋግሞ መጫን አይችልም ነበር። ሰውየው ንግግሩን ገታ የሚያደርግበትን፣ እጁ አየር ላይ የሚቆምበትን ቅጽበት አስቀድሞ መገመት ነበረበት።

በሕዝብ ዘንድ ያሳወቀው በ1928 በጀርመን ፍርድ ቤት የታየ የግድያ ችሎት ነው። በችሎቱ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነበር። ሳሎሞን ባርኔጣው ላይ ቀዳዳ አበጅቶ፣ ካሜራውን ከውስጥ ደብቆ፣ ባርኔጣውን ይዞ ቁጭ አለ። በኋላ አንድ የችሎት አስከባሪ ነቅቶበት ያነሳኸውን አምጣ ሲለው ምንም ያልተነሳባቸውን ብርጭቆዎች አስረክቦ ዋናዎቹን ይዞ እንደወጣ ይነገራል። ፎቶዎቹ በመጽሔቱ ላይ ሲወጡ ጉድ ተባለ። ብዙም ሳይቆይ ሳሎሞን የማስታወቂያ ክፍሉን ትቶ ሙሉ በሙሉ ፎቶ ጋዜጠኛ ሆነ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ማሰብ ይኖርብናል። በችሎት ላይ የተቀመጠ ተከሳሽ ጥፋተኛ መሆኑ ገና አልተረጋገጠም፤ ተነስቶ መሄድም አይችልም። ይህን ሰው በድብቅ ማንሳት ጀብዱ ነው ወይስ መብት መንካት? የሳሎሞን ሕይወት ሲተረክ የባርኔጣው ነገር እንደ ብልሃት ብቻ ይወራል። ለእኔ ግን ከሥራዎቹ ሁሉ ይበልጥ የሚያከራክረው ይኸኛው ነው።

ሚኒስትሮቹ ሲያንቀላፉ

የሳሎሞን ትልቁ ሥራ የተሠራው በፍርድ ቤት ሳይሆን በጉባኤ አዳራሽ ነው። ጊዜው የአውሮፓ መንግሥታት ከጦርነቱ በኋላ ስለ ሰላምና ስለ ካሣ ከከተማ ከተማ እየዞሩ የሚሰበሰቡበት ነበር። ሳሎሞን እየተከተላቸው ይሄዳል። ነሐሴ 27 ቀን 1928 በፓሪስ ጦርነትን ለመተው የሚያስችለው የኬሎግና የብሪያን ስምምነት ሲፈረም፣ ዘው ብሎ ገብቶ የፖላንዱ ልዑክ መቀመጫ ባዶ ሆኖ ሲያገኘው እዚያው ላይ ተቀምጦ ፎቶውን አነሳ። ሙሉ ልብስ ለብሶ ቀጥ ብሎ የተቀመጠን ሰው ማን ደፍሮ አንተ ማነህ ይለዋል?

ከፎቶዎቹ ሁሉ ስሙ የሚነሳው በጥር 1930 በሄግ ከተማ ያነሳው ነው። ጀርመን ስለምትከፍለው የጦር ካሣ ሲከራከሩ ያመሹ ሚኒስትሮች ከእኩለ ሌሊት በኋላ ወንበራቸው ላይ ተዘርግተዋል። አንዱ ዓይኑን ጨፍኗል፣ ሌላው ተደግፎ አንቀላፍቷል። በዚያ ፎቶ ላይ ታላላቅ መንግሥታት አይታዩም፤ የሚታዩት የደከማቸው ሽማግሌዎች ናቸው። የሚሊዮኖች ኑሮ የሚወሰነው እንዲህ በደከሙ ሰዎች እጅ መሆኑን ሕዝቡ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኑ አየ ማለት ይቻላል።

ይህ ነገር ለእኛም ሩቅ አይደለም። ሳሎሞን ከሚመላለስባቸው ቦታዎች አንዱ ጄኔቫ የነበረው የመንግሥታት ማኅበር ነው። አገራችን በ1923 አባል የሆነችበት፣ በ1936 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጣልያን ወረራ ላይ አቤት ያሉበት ማኅበር ማለት ነው። በእንዲህ ዓይነት አዳራሽ ማን ሲሰማ እንደነበረ፣ ማን ፊቱን እንዳዞረ ከቃለ ጉባኤው አይገኝም። ቃለ ጉባኤ ቃልን ይመዘግባል፤ ፊትን የሚመዘግበው ካሜራ ነው።

የሚገርመው ባለሥልጣኖቹ እየቆዩ ሲሄዱ ወደዱት። የፈረንሳዩ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አሪስቲድ ብሪያን የማያፍሩት ሰዎች ንጉሥ የሚል ትርጉም ያለው የቀልድ ማዕረግ ሰጥቶታል። በ1931 በፓሪስ በነበረ የእራት ግብዣ ላይ ብሪያን ሳሎሞን ማንሳት መጀመሩን ሲያይ ጣቱን ቀስሮ ለጓደኞቹ ሲያሳያቸው የተነሳው ፎቶ እስከ ዛሬ አለ። ለአንድ ጉባኤ ጥቂት ሚኒስትሮች፣ ጠረጴዛ እና ሳሎሞን ከተገኙ ይበቃል ብሎ ይቀልድ እንደነበርም ይወራል። በዚያው 1931 የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ማክዶናልድ በርሊን ውስጥ ከአልበርት አይንሽታይን ጋር በጨዋታ ተመስጠው አንስቷቸዋል። በዚሁ ዓመት ታዋቂ ሰዎችን ባልተጠበቁበት ቅጽበት የሚያሳየው መጽሐፉም ታተመ። በመግቢያው ላይ የፎቶ ጋዜጠኛ ሥራ የማያቋርጥ ትግል መሆኑን፣ ትግሉም ከዘበኛና ከባለሥልጣን እንዲሁም ከብርሃን ማነስ ጋር መሆኑን አስረድቷል።

ወደ አሜሪካም ተሻግሮ ነበር። በ1930 ተዋናይቷን ማርሌነ ዲትሪክን ሆሊውድ ሆና በርሊን ከቀረችው ትንሽ ልጇ ጋር በስልክ ስታወራ አነሳት። በዚያ ፎቶ ላይ የፊልም ኮከብ የለችም፤ ልጇ የናፈቀቻት እናት ናት ያለችው። በ1932 ደግሞ ክንዱ የተሰበረ መስሎ በማሰሪያው ውስጥ ካሜራ ሸሽጎ የአሜሪካንን ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሥራ ላይ ሳለ አነሳ። ይህ እስከ ዛሬ በጣም ጥቂት ሰው ያደረገው ነገር ነው።

ዘዴው ምን ነበር?

ስለ ሳሎሞን ሲወራ የሚደነቀው መደበቂያው ነው። ባርኔጣው፣ የእጅ ቦርሳው፣ ውስጡ የተቦረቦረው መጽሐፍ... ነገር ግን ከፎቶዎቹ አብዛኞቹን ያገኘው በመደበቅ አይደለም። ብሪያን በጣቱ የጠቆመው ካሜራውን እያየ ነው! የሳሎሞን ዋና ዘዴ በሦስት ነገር ይጠቃለላል።

አንደኛው ቦታውን መምሰል ነው። የማታ ግብዣ ከሆነ ለግብዣ የሚለበሰውን ጥቁር ልብስ ለብሶ ይመጣል፤ እንግዳ እንጂ ፎቶ አንሺ አይመስልም። ሁለተኛው ጉዳዩን ማወቅ ነው። ሕግ የተማረ፣ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ስለነበር ክርክሩ የቱ ጋ እንደሚከር፣ ማን መልስ ለመስጠት እንደሚነሳ ይገባዋል። ካሜራውን የሚያዞረው ነገሩ ከሆነ በኋላ ሳይሆን ሊሆን ሲል ነው። ሦስተኛው መቆየት ነው። ሰው ካሜራ ሲያይ መጀመሪያ ይኮሳተራል ወይም ያለ ልክ ይስቃል። አንድ ሰዓት ሲቆይ ይሰለቸዋል፣ ሁለት ሰዓት ሲሆን ይረሳዋል። የሄጉ ፎቶ ከእኩለ ሌሊት በኋላ መነሳቱ ያለ ነገር አይደለም፤ ሌላው ጋዜጠኛ ሁሉ ሄዶ ሲተኛ ሳሎሞን እዚያው ነበር።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

በጥር 1933 ሂትለር ሥልጣን ያዘ። ሳሎሞን ይሁዲ ነበርና በርሊን ለእርሱ አበቃላት። የባለቤቱ አገር ሆላንድ ስለሆነ ቤተሰቡን ይዞ ሄግ ከተማ ተቀመጠ። ትልቁ ልጁ ኦቶ በ1935 ወደ ለንደን ሄዶ ኋላ ፒተር ሃንተር በሚል ስም ፎቶ ጋዜጠኛ ሆነ። አባትየው በሆላንድም ሥራውን አላቋረጠም፤ የአገሪቱን ምክር ቤት ስብሰባዎች ያነሳ ነበር።

በግንቦት 1940 የናዚ ጦር ሆላንድን ያዘ። በይሁዲዎች ላይ ክልከላው በክልከላ ላይ ተደራረበ። በ1943 ሳሎሞን ከሚስቱ ከማጊና ከትንሹ ልጁ ከዲርክ ጋር ተደበቀ። ግን ብዙ አልቆዩም፤ ተጠቆመባቸው። እንደሚባለው የጋዝ ቆጣሪ የሚያነብ ሰው በቤቱ ውስጥ የሚቃጠለው ጋዝ መጨመሩን አይቶ ነው ጉዳዩ የታወቀው። ከዚያ በኋላ ከአንዱ ካምፕ ወደ ሌላው ተወሰዱ፤ ቬስተርቦርክ፣ ቴሬዚንሽታት፣ በመጨረሻም አውሽቪትስ። በሰነዶች ላይ የሞተበት ቀን ሐምሌ 7 ቀን 1944 ተብሎ ተመዝግቧል። ዕድሜው 58 ነበር። ሚስቱና ትንሹ ልጁም አልተረፉም።

ፎቶዎቹስ? ሳሎሞን የብርጭቆ ኔጋቲቮቹን በተለያየ ቦታ አስቀምጦ ነበር። ከፊሉ በሆላንድ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ተሸሽጎ ተረፈ፤ ከፊሉ መሬት ውስጥ ተቀብሮ እርጥበት በላው። ከጦርነቱ በኋላ ልጁ ፒተር ሃንተር የተገኘውን አሰባሰበ። ስብስቡ ዛሬ በበርሊን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። ከ1971 ጀምሮም የጀርመን የፎቶግራፍ ማኅበር በሳሎሞን ስም ለፎቶ ጋዜጠኞች ሽልማት ይሰጣል።

ለእኛ ምን ይተርፈናል?

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። የሳሎሞንን ሥራ ለሁለት ከፍሎ ማየት ይጠቅማል። ሚኒስትሩ ሲያንቀላፋ ቢነሳ የሕዝብ ጉዳይ ይዞ ነው ያንቀላፋው፤ ሕዝቡም የማየት መብት አለው። ሚኒስትሩ ካልፈለገ በር የሚዘጋለት ዘበኛ አለው፣ ጋዜጣ ላይ መልስ የሚጽፍለት ጸሐፊ አለው። ተከሳሹ፣ በሽተኛው፣ ጎዳና ላይ የተኛው ልጅ፣ ለቅሶ ላይ ያለችው እናት ግን በር የላቸውም። ሁለቱን እኩል አድርጎ ፎቶ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። ብዙዎቻችን ካሜራ ስንይዝ ቀድመን የምናነሳው ማንን ነው? ዘበኛ የሌለውን ሰው ነው፤ የሚቀለው እሱ ስለሆነ። ሳሎሞን በአብዛኛው ሥራው የሄደው በተቃራኒው ነው፤ የከበደው በር ወደነበረበት።

ሌላም ነገር አለ። ካሜራ ብቻውን አይበይንም። ከሳሎሞን ዘመን አንስቶ ካሜራ እየቀነሰና እየፈጠነ መጥቷል፤ ዛሬ ለድብቅ ፎቶ ባርኔጣ መቅደድ አያስፈልግም። መሣሪያው ሲቀል ኃላፊነቱ ግን ይከብዳል እንጂ አይቀልም። አለማሳወቅ የሚያስፈልገው ተነሺው እንዳይዘጋጅ ነው እንጂ እንዳይጠየቅ አይደለም። ሰውየው ተራ ሰው ከሆነ ካነሳነው በኋላ ቀርቦ ፎቶውን ማሳየት፣ ስሙን መጠየቅ፣ ካልፈቀደ መተው ይቻላል። ይህን በማድረግ ፎቶው ካንዲድነቱን አያጣም።

ሳሎሞን የሠራው ስድስት ዓመት ላልሞላ ጊዜ በበርሊን፣ ከዚያም ጥቂት ዓመት በስደት ነው። በነዚህ ዓመታት ውስጥ የአገር መሪ ማለት ደረጃ ላይ የቆመ ሐውልት ሳይሆን የሚስቅ፣ የሚደክመው፣ የሚሳሳት ሰው መሆኑን አሳይቷል። የገደሉት ሰዎች ደግሞ መሪያቸው እንደ ሐውልት ብቻ እንዲታይ የሚፈልጉ፣ እያንዳንዱን ፎቶ መርጠው የሚያወጡ ነበሩ። ይህ አጋጣሚ ብቻ አይመስለኝም። ሥልጣን ያልተዘጋጀበትን ፎቶ የሚፈራው ያለ ምክንያት አይደለምና ካሜራ ይዘን ስንወጣ ይህንን ብናስብ መልካም ነው።